ፒሲኤል-ዋይቪ ሐዋሳ ላይ ያዋጣል? የወጣት ጥፋተኞች የሳይኮፓቲ መመዘኛዎች ሲገመገሙ

ባጭሩ እንናገር። በወጣት ጥፋተኞች ላይ የሳይኮፓቲ ጠባያትን (ጸጸትና ርኅራኄ ማጣት፣ ሰውን ለጥቅም መጠምዘዝና የመሳሰሉትን) ለመመዘን ከተዘጋጁት መሣሪያዎች ሁሉ በጥንቃቄ የተሠራው ፒሲኤል-ዋይቪ ነው። ለሕክምና ዕቅድ፣ ያውም ታሪኩን የሚያውቁ ሰዎች ለሚገኙለት ልጅ፣ ዋጋውን ያወጣል። ለችሎት ሪፖርት ተብሎ ሐዋሳ ላይ እንዲገዛ ግን አንመክርም። መሣሪያው ደካማ ሆኖ አይደለም፤ ዳኛው የሚጠይቀውን ስለማይመልስ ነው። «ይህን ልጅ የት እናድርገው? ቤተሰቡ ጋር ቢመለስ ሰው ይጎዳል ወይ?» ለሚል ዳኛ፣ ከ40 የተሰጠ አንድ ቁጥር ምን ይነግረዋል?

መጀመሪያ ዕቃውን እንየው። ያዘጋጁት አዴል ፎርዝ፣ ዴቪድ ኮሰን እና ሮበርት ሄር ናቸው፤ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው ካናዳ ያለው መልቲ ሄልዝ ሲስተምስ ነው። ለአዋቂዎች የተሠራውን ፒሲኤል-አር ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ ወጣቶች አስተካክለው ነው ያወጡት። ማኑዋል፣ የቃለ መጠይቅ መምሪያ እና የነጥብ መስጫ ቅጽ አለው። አይተሞቹ (የሚመዘኑት ነጥቦች) 20 ናቸው፤ እያንዳንዱ 0፣ 1 ወይም 2 ይሰጠዋል። 0 ማለት ጠባዩ ልጁ ላይ የለም፣ 1 በከፊል አለ፣ 2 በግልጽ አለ። አራት ዘርፎችን ይነካሉ፦ ከሰው ጋር ያለው አቀራረብ (ማስመሰል፣ ራስን ማግዘፍ፣ ውሸት፣ ሰውን ለጥቅም መጠምዘዝ)፣ ስሜቱ (ጸጸት ማጣት፣ ከላይ ከላይ የሆነ ስሜት፣ ርኅራኄ ማጣት፣ ጥፋትን ወደ ሌላ ማላከክ)፣ አኗኗሩ (ግልፍተኝነት፣ ኃላፊነት መዘንጋት፣ ግብ ማጣትና የመሳሰሉት) እና ሕግ የመጣስ ታሪኩ።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ ቅጹን የሚሞላው ልጁ አይደለም። ነጥብ የሚሰጠው የሠለጠነ ባለሙያ ነው፣ ሁለት ምንጮችን አገናዝቦ። አንዱ ከልጁ ጋር የሚደረግ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት የሚወስድ ቃለ መጠይቅ ነው። ሁለተኛው የልጁ ፋይልና የሌሎች ሰዎች ቃል ነው። ነጥቡም ልጁ ዛሬ እንዴት ነው በሚለው አይሰጥም፤ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ጓደኞቹ ዘንድ ለረጅም ጊዜ የታየ ጠባይ መሆን አለበት፤ ማነጻጸሪያውም የዕድሜ እኩዮቹ ናቸው።

ሐዋሳ ላይ ችግሩ የሚጀምረው ሁለተኛው ምንጭ ላይ ነው። ማኑዋሉ የተጻፈላቸው አገሮች ውስጥ ፋይል ማለት የትምህርት ቤት የዲሲፕሊን መዝገብ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሪፖርት፣ የቀድሞ ክስና የሕክምና ማስረጃ ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል ቢነበብ ይበቃል። እዚህ መናኸሪያ አካባቢ የተያዘ፣ ከገጠር ወረዳ በአሥር ዓመቱ የመጣ ልጅ ፋይል የፖሊስ ምርመራ መዝገቡ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ስለ አንድ ድርጊት የተጻፈ ነው። ከዚያ መዝገብ ላይ የልጁን ጠባይ ለማንበብ መሞከር ክሱን መልሶ በቁጥር መጻፍ ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ሁለተኛ ምንጭ ከሌለ ነጥብ አይሰጥም። ስለዚህ ከልጁ ጋር ከመቀመጥ በፊት ቢያንስ ሦስት ሰው መገኘት አለበት፤ ያሳደገው ዘመድ፣ አስተማሪው ወይም ያሠራው ሰው፣ እና ጎዳና ላይ የሚያውቀው ሶሻል ወርከር። አሞራ ገደል ዓሣ የሚያጸዳ ልጅ ከሆነ ያሠራው ዓሣ አስጋሪ ከትምህርት ቤት መዝገብ የተሻለ ምስክር ነው፤ ልጁ ገንዘብ ሲሰጠው መልሱን ያመጣ እንደሆነ፣ ሲቆጡት ምን እንደሚያደርግ፣ ከእሱ ያነሱትን እንዴት እንደሚይዝ በየቀኑ አይቷል።

ዕድሜም ቀላል አይደለም። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ዛሬ ችሎት ፊት የሚቀርቡት አብዛኞቹ ልጆች የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው። የወንጀል ሕጉ ከ9 ዓመት በታች ያለውን አይጠይቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለውን በልዩ እርምጃ ይይዛል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውን በመደበኛው ድንጋጌ ይዳኛል፣ ቅጣት ማቅለልና ልዩ እርምጃ መውሰድም ይቻላል። መመዘኛው ደግሞ ከ12 ይጀምራል። የአሥር ዓመት ልጅ ላይ ማንም ቢያዘው ፒሲኤል-ዋይቪ አይሠራም። ዕድሜው ያልተረጋገጠ ልጅ ላይም ከእኩዮቹ ጋር ማነጻጸር አይቻልም፤ በ13 ዓመት ልጅ ላይ ተራ የሆነ ግልፍተኝነት በ17 ዓመት ልጅ ላይ ሌላ ትርጉም አለው።

አሁን አይተሞቹን እዚህ አገር አምጥተን እንያቸው፤ ትልቁ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነው።

ከላይ ከላይ የሆነ ስሜትና ጸጸት ማጣት። ታላቅ ሰው ፊት ዓይኑን የሰበረ፣ በአጭሩ የሚመልስ፣ ፊቱ የማይለዋወጥ ልጅ ጨዋ ተብሎ ያደገ ነው። በሁለተኛ ቋንቋው እየተናገረ ከሆነ ደግሞ ይባስ ይደርቃል። በሲዳምኛ ያደገን ልጅ በአማርኛ ጠይቆ «ስሜት የለውም» ብሎ 2 መስጠት የቋንቋ ችሎታውን መለካት ነው። አስተርጓሚ ሲገባም ሌላ ጣጣ አለ፤ አስተርጓሚው የተምታታውን ያስተካክላል፣ ብልግናውን ያለሰልሳል፣ ውሸቱን ያስማማል። ስለዚህ አስተርጓሚው ከመጀመሩ በፊት «ቃል በቃል፣ ስድቡንም ጭምር» መባል አለበት። ጸጸትን በተመለከተም፣ በደል ሲደርስ ሽማግሌ የሚልከውና ካሳ የሚከፍለው ቤተሰብ ነው፤ ሶንጎ (የሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ) ፊት ልጁ ተጸጸትኩ ብሎ እንዲናገር ላይጠበቅ ይችላል። ልጁን «ምን ተሰማህ?» ከማለት ይልቅ «የተጎዳው ልጅ አሁን እንዴት ነው? ቤታቸው ማን ሄደ? አንተ ሄድክ?» ብሎ መጠየቅ የበለጠ ያወጣል። የተጎዳው ልጅ ሆስፒታል ምን ያህል እንደተኛ የማያውቅ፣ ሲነገረውም «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ» የሚል፣ ይህንንም ለዘመድም ለጓደኛም በተመሳሳይ የሚናገር ልጅ ላይ 2 ቢሰጥ አያከራክርም።

በሰው ላይ ጥገኛ መሆን። የ17 ዓመት ልጅ እናቱ ቤት እየበላ ሥራ ባይኖረው አገሩ እንዲሁ ነው። የሚፈለገው፣ መሥራት እየቻለ ሌሎችን እያስፈራራ መኖሩ ነው፤ ትንንሾቹ ሊስትሮዎች የለቀሙትን ማታ ማታ የሚቀማ እንደሆነ።

ግብ ማጣትና ግልፍተኝነት። በረንዳ ላይ የሚያድር ልጅ ዕቅዱ የዛሬ ማታ ነው፤ ይህ ጠባይ ሳይሆን ኑሮ ነው። ማስቲሽ ወይም ቤንዚን የሚስብ ልጅ ደግሞ ግልፍተኛም፣ የደነዘዘም፣ የሚረሳም ይሆናል፤ ይህም ከአንድ በላይ ዘርፍ ላይ ነጥቡን ከፍ ያደርጋል። ከማስቲሹ ርቆ፣ በልቶና ተኝቶ ጥቂት ቀናት ሳያልፉ ቃለ መጠይቅ መጀመር ነጥቡን ለማስቲሹ መስጠት ነው።

ጥፋትን ማላከክ። ጉዳዩ በፍርድ ሂደት ላይ ያለ ልጅ «አላደረግኩም» ቢል ጠበቃው የመከረው ሊሆን ይችላል። የተያዘበት ጉዳይ ከዚህ አይተም ውጭ ይደረግ፤ በቀድሞ ነገሮች፣ ለምሳሌ ትምህርት ቤት ውስጥ በተጣሉበት፣ ይመዘን።

የወንጀል ዓይነት መብዛት። ይህ የሚቆጥረው ዓይነቱን ነው። አንድ ሱቅ አሥር ጊዜ የሰረቀ ልጅ አሥር ክስ ቢኖረውም አንድ ዓይነት ነው ያደረገው። የዋስትና ወይም የአመክሮ ግዴታ ስለመጣስ የሚጠይቀውም አይተም አለ፤ እንዲህ ያለ ግዴታ ተጥሎበት የማያውቅ ልጅ 0 አይሰጠውም፣ አይተሙ ይዘለላል።

ሲዘለል ደግሞ ሒሳብ አለ። የተገኘው ድምር በ20 ተባዝቶ ለተመዘኑት አይተሞች ቁጥር ይካፈላል። ሦስት አይተም ተዘሎ የ17ቱ ድምር 19 ከሆነ፣ 19 × 20 ÷ 17 = 22.4 ይሆናል። ልጁ ያልተመዘነባቸው ሦስት አይተሞች ከሦስት በላይ ነጥብ ጨመሩበት ማለት ነው። ከአምስት በላይ ከተዘለለ ጠቅላላ ነጥብ የሚባል ነገር የለም፤ ሪፖርቱ ላይም ቁጥር አይጻፍ።

አንድ ሌላ ወጥመድ፦ የደነዘዘ ልጅና ደንታ ቢስ ልጅ ይመሳሰላሉ። ገና በ1941 (እ.ኤ.አ.) የአእምሮ ሐኪሙ ቤንጃሚን ካርፕማን ሁለቱን ለይቶ ነበር፤ አንዱ ከመጀመሪያውም ርኅራኄው የሳሳ፣ ሌላው በድብደባ፣ በመጣልና በፍርሃት ራሱን የዘጋ። ውጫቸው አንድ ይመስላል። ልዩነቱ ያለው እንቅልፍ ላይ፣ ቅዠት ላይ፣ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ በሚደነግጠው ድንጋጤ ላይና በጭንቀቱ መጠን ላይ ነው። ፒሲኤል-ዋይቪ ጭንቀትን አይጠይቅም። ስለዚህ የሥነ ልቦና ጉዳት (ትራውማ) እና የድብርት ምዘና አብሮ ካልተሠራ ነጥቡ ብቻውን የተጎዳውን ልጅ ከጎጂው ጋር ያደባልቃል። የሚጥል በሽታና የጭንቅላት ጉዳት ታሪክም መጠየቅ አለበት፤ ጥርጣሬ ካለ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መላክ እንጂ በአይተም መገመት የለም።

ወደ ችሎት ስንመጣ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 54 ፍርድ ቤቱ ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርትና ኑሮ ማስረጃ እንዲጠይቅ፣ ስለ አካሉና አእምሮው የባለሙያ ቃል እንዲሰማ፣ ልጁም በአንድ ተቋም ቆይቶ እንዲታይ እንዲያዝ ይፈቅዳል። ጥሩ በር ነው። በዚህ በር ቁጥር ይዞ መግባት ግን አደጋ አለው። ማኑዋሉ ራሱ ለወጣቶች «ከዚህ በላይ ሳይኮፓት ነው» የሚል መቁረጫ ነጥብ አላስቀመጠም፤ ባለሙያው ግን ከአዋቂዎቹ መመዘኛ 30 የሚለውን መቁረጫ ይዋስና ይጽፈዋል። የነጥቡ ማነጻጸሪያም የተሰበሰበው ከሰሜን አሜሪካና ከብሪታንያ ወጣቶች ነው፤ 22 ነጥብ ሐዋሳ ላይ ከፍ ያለ ይሁን ዝቅ ያለ ከሰንጠረዡ ላይ አይነበብም። አዋቂዎቹ ላይ የተደረጉ የአሜሪካ ጥናቶች እንዳሳዩት ደግሞ ለአንድ ሰው የዐቃቤ ሕግ ባለሙያና የተከላካይ ባለሙያ የሚሰጡት ነጥብ ወደ ጠራቸው ወገን ያጋድላል። ከ15 እስከ 18 ባለው ልጅ ላይ፣ መደበኛው ቅጣት በሚሠራበት ዕድሜ፣ ይህ ማጋደል ዓመታት ያስከፍላል።

በዚያ ላይ ወጣት ይለወጣል። ፒትስበርግ ውስጥ ወንዶች ልጆችን በ13 እና በ24 ዓመታቸው የመዘነ ጥናት በሁለቱ መካከል ያገኘው ትስስር 0.31 ነው፤ በ13 የታየው በ24 ካለው ልዩነት የሚያብራራው አንድ አሥረኛ ያህሉን ነው ማለት ነው። መሣሪያውም ሌላ ነበር፣ ጉዳዩ ግን አይቀየርም። «እነዚህ አይታከሙም» የሚለውም አባባል አይጸናም፦ ዊስኮንሲን ውስጥ በ1995 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው የሜንዶታ የወጣቶች ሕክምና ማዕከል ከፍተኛ ነጥብ ያላቸውን ልጆች ተቀብሎ ጠበቅ ያለ ሕክምና ሲሰጥ፣ ከተለመደው እስር ቤት ከወጡት ይልቅ በኃይል ወንጀል የተመለሱት ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል።

አሁን ሌሎቹን ዕቃዎች።

አይሲዩ (ከፅኑ ሕሙማን ክፍል ጋር አይምታታ) የሥነ ልቦና ተመራማሪው የፖል ፍሪክ መጠይቅ ነው፣ ደንታ ቢስነትንና የስሜት ድርቀትን ብቻ ይለካል። 24 ዐረፍተ ነገር፣ ከ0 እስከ 3፣ ከፍተኛው 72። ነጻ ነው፤ የልጁ፣ የወላጅና የአስተማሪ ቅጂ አለው። ለሐዋሳ ለመነሻ ማጣሪያ ከሁሉ የሚመቸው ይህ ነው፣ ሆኖም ሁለት ነገር ያበላሸዋል። የመጀመሪያው ትርጉሙ ነው። ግማሹ ዐረፍተ ነገር በተቃራኒው የተጻፈ ስለሆነ አማርኛው ላይ «አይደለም» እና «አልስማማም» ሲደራረቡ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ይጠፋዋል። ወደ አማርኛና ወደ ሲዳምኛ ከተተረጎመ በኋላ ዋናውን ያላየ ሰው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት ይነጻጸር፤ ከዚያ ለልጆቹ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ መልሱም ባዶ፣ ሩብ፣ ግማሽና ሙሉ የተሣሉ አራት ብርጭቆዎችን እየጠቆሙ ቢሆን ይሻላል። ሁለተኛው ሒሳቡ ነው። አሥራ ሁለቱ ተገልብጠው ይደመራሉ። ልጁ ሰልችቶት ከላይ እስከ ታች አንድ ቁጥር ቢያከብብ፣ የትኛውም ቁጥር ይሁን፣ ድምሩ ሁልጊዜ 36 ይመጣል። ስለዚህ 36 የወጣበት ወረቀት ከመታመኑ በፊት በዓይን ይታይ። ስለ ትምህርት የሚጠይቀው ዐረፍተ ነገር ላይ ትምህርት ቤት የማይሄድ ልጅ ሥራውን እንዲያስብ ይነገረው።

ዋይፒአይ የሳይኮፓቲ ጠባያት መጠይቅ ነው፣ የስዊድን ሥራ፣ 50 ዐረፍተ ነገር፣ ልጁ ራሱ የሚሞላው። ብልህነቱ ጠባያቱን እንደ ችሎታ አድርጎ መጻፉ ነው፤ ልጁ ሳይከላከል «አዎ፣ ሰው አሳምናለሁ» ይላል። ማንበብ ለማይችል ልጅ ግን ሃምሳ ዐረፍተ ነገር ብዙ ነው። ኤፒኤስዲ የሚባለው ማጣሪያ መጠይቅ ለትንንሾች ነው፤ ወላጅና አስተማሪ ይሞሉታል፤ ለ16 ዓመት ልጅ አይገዛም።

የምንመክረው ሳቭሪ ነው፤ ወጣቱ በሰው ላይ ኃይል የመጠቀም ስጋቱን የሚመዝን መሣሪያ። ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉት፣ 24 የስጋት ነጥቦች (10 የኋላ ታሪክ፣ 6 የአካባቢ፣ 8 የግል) እና 6 የጥበቃ ነጥቦች አሉት። አይደመርም፤ እያንዳንዱ የስጋት ነጥብ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ፣ የጥበቃው ደግሞ አለ ወይም የለም ይባልና ባለሙያው በመጨረሻ ፍርዱን ይሰጣል። ርኅራኄ ማጣት እዚህም አለ፣ ግን ከ24ቱ አንዱ ሆኖ። ከቀሩት ብዙዎቹ ሊለወጡ የሚችሉ ነገሮች ናቸው፦ ጓደኞቹ፣ የወላጅ አያያዝ፣ የዕፅ አጠቃቀም። የጥበቃ ነጥቦቹ ደግሞ ዳኛው ሊጠቀምባቸው የሚችላቸው ናቸው፤ አጎቱ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ ወርክሾፕ አለው፣ ልጁን ይቀበለዋል፣ የሰፈር ቡድን ውስጥ ይጫወታል። በአንቀጽ 159 መሠረት ለሚጠብቀውና ለሚያሳድገው ሰው ይሰጥ ወይስ በአንቀጽ 162 ወደ ጠባይ ማረሚያ ይግባ ለሚለው የሚረዳው ይህ ነው። ድክመቱም ይነገር፦ ስጋት በየጊዜው ስለሚቀያየር ካልታደሰ ያረጃል፤ በየስድስት ወሩ እንዲደገም ሪፖርቱ ላይ ይጻፍ።

ለሐዋሳ የሚሆን ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ዕድሜ ይጣራ። ምስክሮች ይሰብሰቡ። አይሲዩ ለእናትና ለአስተማሪ ይሰጥ፤ የልጁ መልስ ብቻውን አይበቃም። ከፍ ካለ ዲኤስኤም-5 (የአሜሪካ የአእምሮ ሕመም መለያ መመሪያ) የሚጠይቀው ይታይ፦ የባሕርይ መታወክ ምርመራ ኖሮ፣ ከአራቱ (ጸጸት ማጣት፣ ርኅራኄ ማጣት፣ ለትምህርት ወይም ለሥራ ውጤት አለመጨነቅ፣ የስሜት ድርቀት) ቢያንስ ሁለቱ ቢያንስ ለ12 ወር ከአንድ በላይ ቦታ ታይተዋል? ሳቭሪ ለችሎት ይሠራ። ፒሲኤል-ዋይቪ ከዚያ በኋላ፣ ልጁ ወደ ሕክምና ከተላከና ሕክምናውን የሚሠራው ሰው ከጠየቀ ብቻ፣ በሁለት ባለሙያ ለየብቻ ተመዝኖ አማካዩ ይወሰድ። በሁለቱ መካከል ልዩነት ካለ የትኛው አይተም ላይ እንደሆነ ይነጋገሩበት፤ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ያለው ስሜትን በሚመለከቱት አይተሞች ላይ ነው።

ሪፖርት ላይ «ልጁ ሳይኮፓት ነው» ተብሎ አይጻፍ። «ልጁ በሁለት ምስክሮች ቃል መሠረት ያደረሰው ጉዳት አያሳስበውም፤ በትንንሽ ልጆች ላይ ይበረታል፤ ለሽልማት ይሠራል፣ ቅጣት ግን አይመልሰውም» ተብሎ ይጻፍ። ይህ ለሚያክመው ሰው ቁጥሩ የማይነግረውን ይነግረዋል፤ ዳኛም ይረዳዋል።

መግዣውን በተመለከተ፦ አሳታሚው ፒሲኤል-ዋይቪን የሚሸጠው ለሠለጠነ ባለሙያ ነው፣ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ በተቋም በኩል መሄዱ ይቀላል። ማኑዋሉ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ የነጥብ ቅጾቹ ግን ያልቃሉ፣ በኮፒም አይሠሩም። ሁለት መዛኝ ስላለ ለአንድ ልጅ ሁለት ቅጽ ይታሰብ። በጀቱ ጠባብ ከሆነ ሳቭሪው ይቅደም፤ አይሲዩ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የቀረው ገንዘብ ለሲዳምኛ ተርጓሚና ወረዳ ድረስ ሄዶ ዘመድ ለሚፈልገው ሶሻል ወርከር ትራንስፖርት ይዋል።